ቪኤስኤፍቲፒዲ (ፋይል በኤፍቲፒ የሚያቀባብል የሰርቨር ፕሮግራም) ላይ አኖኒመስ ሎጊን (ያለ አካውንት መግባት) እምቢ ላላችሁ፣ እኔ ጋ እንዲህ ተፈታ

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ነው፣ የቢሮ ሰው ያለፓስወርድ ገብቶ ፋይል እንዲያወርድ ፈልጌ። መጀመሪያ 530 (ሎጊን አልተሳካም) እያለ ይመልሰኝ ነበር፣ ኡቡንቱ ላይ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ አኖኒመስ ኢኔብል የሚለው ሲመጣ ኖ ስለሆነ የስ አርጋችሁ ሰርቪሱን ሪስታርት ስታረጉት ያልፋል።

ዋናው ጣጣ ከዛ በኋላ ነው፣ 500 ኡፕስ ብሎ ያባርራችኋል። ኤረሩን ረጋ ብላችሁ ካነበባችሁት ራሱ ይነግራችኋል፣ ሩት ፎልደሩ (የገባው ሰው የሚያርፍበት ዋናው ፎልደር) ላይ መጻፍ ስለሚቻል አልሰራም ነው የሚለው። አኖኒመስ የሚያርፈው ኤስአርቪ ውስጥ ያለው ኤፍቲፒ ፎልደር ላይ ነው፣ በኤልኤስ ኮማንድ ሳየው ፐርሚሽኑ 777፣ ማለትም ማንም ይጽፍበታል! ብዙ ሰው ፐርሚሽን ነገር ሲመጣ 777 አርገው ይላል፣ እዚህ ጋ ግን ጭራሽ እሱ ነው የሚዘጋው። ኦነሩን ሩት (የሰርቨሩ ዋና አድሚን ዩዘር) አረኩት፣ ፐርሚሽኑን 755 (ኦነሩ ብቻ የሚጽፍበት)፣ አፕሎድ ለሚያረጉት ደሞ ውስጡ ሌላ ፎልደር ፈጥሬ ኤፍቲፒ ለሚባለው ዩዘር ሰጠሁት። ወዲያው ገባ።

ገባ ግን ፋይሎቹን ሊስት አርግ ሲባል ድርቅ ይላል፣ ይሄ እንኳን ፋየርዎል ነው። ፖርት 21 ብቻ ከፍታችሁ አይበቃም፣ ዳታው በፓሲቭ ሞድ (ሰርቨሩ ፖርት ከፍቶ ክላየንቱ የሚገናኝበት) በሌላ ፖርት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ኮንፊጉ ላይ የፓሲቩን ሚኒመም 40000 ማክሲመም 40100 ብዬ እነሱኑ ዩኤፍደብልዩ (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ላይ ከፈትኩ፣ አለቀ።

አፕሎድ የተደረገውን ፋይል ሌላው ሰው ማውረድ ካልቻለ አትደንግጡ፣ የአኖኒመስ ዩማስኩ (ከአዲስ ፋይል ላይ የሚነሳው ፐርሚሽን) በዲፎልት 077 ነው፣ ከኦነሩ ውጪ ሌላው አያነበውም፣ ሆን ተብሎ ነው። እኔ እንደዛው ተውኩት፣ አድሚኑ አይቶ ቢያወጣው ይሻላል። ደሞ በናታችሁ ይሄን ነገር ፐብሊክ አይፒ ላይ እንዳታወጡት።