የበዓል ዕቃ ከደብረ ብርሃን ሳይወጡ በስልክ እንዴት ይገዛል?

በዓል ሲቃረብ ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ሰው ይበዛል። የልጆች ልብስና ጫማ እዚያ ይረክሳል፣ ምርጫውም ብዙ ነው ይባላል። ግን ከደብረ ብርሃን ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ መርካቶ ውስጥ በአንድ እጅ ፌስታል በሌላው ኪስ ይዞ ተጋፍቶ፣ መልሶ ደግሞ ላምበረት መናኸሪያ መኪና ሲጠብቁ መምሸት አለ። ልጅ ያዘለች እናት ወይም ጉልበቱ የደከመ አባት እንዲህ ሲንገላታ ማየት ያሳዝናል። አብዛኛው ዕቃ ዛሬ በስልክ ይገዛል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያዙ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ "ነፃ ዴሊቨሪ" ሲባል ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ማለት ነው። እኛ ጋ ዋናው ጥያቄ ዕቃው እንዴት ይደርሰኛል የሚለው ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት መላኪያውን ጨርሱ።

1. በስልክ የሚገዛውንና የማይገዛውን ለዩ

በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤና ሽንኩርት ከዚሁ ከገበያችን ይገዛ። የመንዝ በግ ላቱ ተይዞ፣ ወገቡ ተዳስሶ ነው የሚገዛው፤ ፎቶ ይህን አይነግራችሁም። ብርጭቆና ሰሃንም በመኪና ሲላክ ይሰበራል። ብርድ ልብስ ከፈለጋችሁ ደብረ ብርሃን ራሷ ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ ናት፣ መጀመሪያ እዚህ ጠይቁ። ለስልክ የሚመቸው ልብስ፣ ጫማ፣ መጋረጃ፣ አልጋ ልብስ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ ስልክና አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው።

2. ቀደም በሉ

ገና ታህሳስ 29 ነው። እኔ የምመክረው ከታህሳስ አጋማሽ በፊት አዝዛችሁ እንድትጨርሱ ነው። በመጨረሻው ሳምንት መኪናው በሰው ይሞላል፣ ሹፌሩ ዕቃ ለመያዝ አይፈልግም፣ የተሳሳተ ቁጥር ቢመጣም ለመቀየር ጊዜ አይኖርም። አንዳንድ የአዲስ አበባ ሻጮች በህዳር አጋማሽ ግድም "ብላክ ፍራይደይ" እያሉ ቅናሽ ያወጣሉ። ያ ለእኛ ጥሩ ጊዜ ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባበት ሰሞን ስለሆነ ለገና ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀራል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያላችሁ ደግሞ ዕቃው መኪና መቀየር ሊኖርበት ስለሚችል ተጨማሪ ቀን አስቡ። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ነሐሴ ላይ ዝናብ አለ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ ባለው ጣርማ በር ላይም ጭጋግ አለ፤ መኪና ቢዘገይ አይግረማችሁ።

3. ቅናሹ እውነት መሆኑን አጣሩ

"ከ2,500 ወደ 1,800 ወረደ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አያሳይም። የሻጩን የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ መፈለጊያውን ነክታችሁ የዕቃውን ስም ጻፉና ከአንድና ሁለት ወር በፊት በስንት ይሸጠው እንደነበር እዩ። የድሮው ፖስት ላይ ኤዲት ተደርጓል የሚል ምልክት ካለ ዋጋው ኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ፖስቶቹ ጭራሽ ተሰርዘው ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ቀጥሎ ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ ገብታችሁ ያንኑ ዕቃ ጠይቁ። ለምሳሌ ጫማው በስልክ 1,800 ብር ሆኖ መላኪያው 200 ቢሆን 2,000 ደረሰ። እዚህ በ2,000 ወይም በ2,050 የሚሸጥ ካለ ከሚያውቃችሁ ነጋዴ ግዙ፣ ለክታችሁ ታያላችሁ፣ ካልሆነም በማግስቱ ትቀይራላችሁ።

4. ሻጩን እወቁት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ገንዘብ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ትክክለኛ ሱቅ ያለው ሻጭ ሕንፃውን፣ ፎቁንና የሱቅ ቁጥሩን ይናገራል። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ሄዶ እንዲያይ አድርጉ። ከሌላችሁ በስልክ ደውሉ፤ በጽሑፍ ብቻ የሚያወራና ስልክ የማያነሳ ሰው ጋ ገንዘብ አትላኩ። የታወቁ ቻናሎችን ስምና ፎቶ ገልብጠው የሚከፍቱ አጭበርባሪዎች አሉ፣ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ዩዘርኔሙን (በ@ የሚጀምረውን መለያ) ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ብዙ ሺህ ተከታይ ኖሮት ፖስቱን የሚያየው ሰው ጥቂት ከሆነም ጠርጥሩ።

የዕቃውን ፎቶ ብዙዎች ከሌላ ቦታ ያመጡታል። የዛሬ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ዕቃው ላይ አድርገው አጭር ቪዲዮ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ዕቃው እጁ ላይ ላለ ሻጭ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው።

እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "ሰላም፣ ይህ ጫማ ቁጥር 38 አለ? የውስጥ ርዝመቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ወደ ደብረ ብርሃን በመኪና ትልካላችሁ? መላኪያው ስንት ነው፣ ማነው የሚከፍለው? ልኩ ካልሆነ ትቀይራላችሁ? ደረሰኝስ ትሰጣላችሁ?" መልሱን በጽሑፍ ይስጧችሁ፣ በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

5. ልክ

የጫማ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ልጁን ተረከዙን ግድግዳ አስነክታችሁ ወረቀት ላይ አቁሙት፣ ረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩ። ለልጅ አንድ ሴንቲ ሜትር ግድም ጨምሩ። ለቀሚስና ለኮት በደንብ የሚሆናችሁን ልብስ አንጥፋችሁ ደረቱን፣ ትከሻውንና ርዝመቱን ለክታችሁ ላኩ።

6. ክፍያና መላኪያ

ከሁሉ የሚሻለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ዕቃውን አይቶ፣ ከፍሎ፣ በመኪና ቢልክላችሁ ነው። ካልተቻለ በቴሌብር ወይም በባንክ ስትከፍሉ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ። ሱቁ ሌላ፣ ስሙ ሌላ ከሆነ አቁሙና ጠይቁ። ለሱቁ በተከፈተ የነጋዴ ቁጥር መክፈል ለግለሰብ ከመላክ ይሻላል። የኢትዮ ቴሌኮምን የኢንተርኔት መገበያያ ዘመን ገበያን የምትሞክሩም ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ከተማችሁ ያደርሱ እንደሆነ እዩ።

ዕቃው በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ከመጣ ሻጩ መኪናው ከመነሳቱ በፊት የታርጋ ቁጥሩን፣ የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ፣ የተነሳበትን ሰዓት፣ የታሸገውን ዕቃ ፎቶና ላዩ ላይ የተጻፈውን የእናንተን ስምና ስልክ ይላክላችሁ። ወዲያው ለሹፌሩ ደውላችሁ "ወንድሜ፣ የእኔ ዕቃ አንተ ጋ አለ፣ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?" በሉት። መናኸሪያው ላይ ቀድማችሁ ቁሙ። ፖስታ ቤት መላክም ይቻላል፤ ቢዘገይም ደረሰኝ አለው። እሽጉን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ።

7. ዕቃው ጉድለት ካለበት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኙን፣ የክፍያውን መልእክትና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አትሰርዙ። ሻጩ እምቢ ካለ ይዛችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ቀለሙ አልወደድኩትም ወይም ጠበበኝ ማለት ግን እንደ ጉድለት ስለማይቆጠር፣ ያኔ የሚያድናችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ያገኛችሁት "እንቀይራለን" የሚለው ቃል ነው።

በበዓል ሰሞን "ቴሌብር የበዓል ስጦታ እየሰጠ ነው፣ ሊንኩን ንኩ" የሚል መልእክትም ይዞራል። አትንኩት። የሚስጥር ቁጥራችሁን ወይም በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ለሻጭም፣ ለሹፌርም፣ ከባንክ ነኝ ለሚልም አትስጡ። ይህን ለእናታችሁና ለአባታችሁ ስልካቸውን ይዛችሁ ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸው፣ የእነሱን ገንዘብ የሚፈልግ ሰው በበዓል ሰሞን አብዝቶ ይደውላል።