አብረው የማይከዷችሁ ካርዶች፦ ለውጭ ጉዞ ክሬዲት ካርድ ስትመርጡ

ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የገንዘብ ቦርሳችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉትና ያሏችሁን ካርዶች በሙሉ ተመልከቷቸው። ብዙ ሰው ከነዚህ ውስጥ የሚያነሳው የሽልማት ነጥብ የሚያበዛውን ወይም ኤርፖርት ላይ ላውንጅ የሚያስገባውን ነው። ይሁን፣ ደስ ይላል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይሄ ካርድ ሰው አገር ላይ እምቢ ቢል ምን ይቀረኛል? ሁለት ካርድ ይዛችሁ ሁለቱም የአንድ ባንክ፣ ሁለቱም ቪዛ ካርድ፣ ሁለቱም አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር ያላችሁ አንድ ካርድ ነው። የባንኩ ሲስተም ሲቋረጥ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቦርሳው ሲሰረቅም ተያይዘው ይሄዳሉ።

ለኔ ልኩ ሦስት ነው። ሁለት ክሬዲት ካርድ፣ ከተለያየ ባንክ፣ በተለያየ ኔትወርክ። ሦስተኛው በቀጥታ ከራሳችሁ ሒሳብ የሚቆርጠው ዴቢት ካርድ ሲሆን ሥራው ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መያዝ የሚጠፋ ነገር ማብዛት ነው፣ ሌሎቹ ቤት ይቅሩ።

ኔትወርክ የምለው ካርዱ ጥግ ላይ ስሙ የተጻፈውን ድርጅት ነው። ቪዛና ማስተርካርድ ከ200 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ይሠራሉ፣ አንዱን የሚቀበል ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ሌላውንም ይቀበላል። ታዲያ ሁለቱንም ለምን? አንድ ማሽን ወይም አንድ ኤቲኤም ከአንዱ ጋር ተጣልቶ ሌላውን በደስታ የሚቀበልበት ጊዜ ስላለ ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ትልልቅ ሆቴሎችና አየር መንገዶች ጋ ችግር የለበትም፣ ትናንሽ ነጋዴዎች ግን በኮሚሽኑ የተነሳ ብዙ ጊዜ አይፈልጉትም። ስለዚህ ብቻውን ይዛችሁ አትውጡ። ዲስከቨር የሚባለው የአሜሪካ ኔትወርክ ካርድ ካላችሁ ደግሞ ከጃፓኑ ጄሲቢ፣ ከቻይናው ዩኒየንፔይና ከዳይነርስ ክለብ ጋር ስምምነት ስላለው በሩ ላይ የራሱን ስም ባታዩም የነሱን ምልክት ፈልጉ።

ጨርሶ የማይሠራበት አገርም አለ። ቪዛና ማስተርካርድ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩሲያ ውስጥ ሥራ አቁመዋል፣ ከውጭ ይዛችሁት የምትገቡት ካርድ እዚያ ጌጥ ነው። ኢራን ከነዚህ ኔትወርኮች ጋር አልተገናኘችም። ወደ እንደነዚህ ዓይነት አገሮች የሚሄድ ሰው የካርድ ምርጫ ሳይሆን የጥሬ ገንዘብ ዕቅድ ነው የሚያስፈልገው። ቻይና ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ግብይቱ በአብዛኛው በስልክ ነው፣ አሊፔይና ዊቻት ፔይ የሚባሉት የክፍያ አፖች ላይ የውጭ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማስገባት ይቻላል። ይህን ግን አገራችሁ ሆናችሁ ጨርሱት፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ወጪው። ብዙ ባንኮች በውጭ ገንዘብ በተገዛ ነገር ላይ ጭማሪ ይቆርጣሉ፣ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ አለ። ምንም የማይቆርጡ ካርዶችም አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ካርዱ በገዛችሁት ላይ 1 ወይም 2 በመቶ ነጥብ እየሰጠ 3 በመቶ ከወሰደ፣ ነጥቡን የምትገዙት እናንተ ናችሁ። 2,000 ዩሮ ስታወጡ 60 ዩሮ እንዲሁ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁለቱ ክሬዲት ካርዶች ቢያንስ አንዱ፣ ያውም በየቀኑ የምትከፍሉበት፣ ይህ ክፍያ የሌለበት ይሁን። ማስታወቂያውን አትመኑ፣ የክፍያ ሠንጠረዡን ራሳችሁ አንብቡ፣ “የውጭ ግብይት” ወይም “የምንዛሪ ኮሚሽን” የሚል መስመር አይጠፋም። አንዳንድ ባንክ ደግሞ ዋጋው በራሳችሁ ገንዘብ ቢጻፍም ሻጩ ውጭ አገር ያለ ከሆነ ይቆርጣል። ይህን ልብ በሉ፣ ወዲያው ያስፈልገናል።

ሒሳብ ልትከፍሉ ካርዳችሁን ሰጣችሁ እንበል። ሻጩ የካርድ መክፈያውን (ፖስ) ማሽን ወደ እናንተ ያዞረዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ዋጋውን ባላችሁበት አገር ገንዘብ ያሳያል፣ ሌላው በራሳችሁ አገር ገንዘብ። ከሁለተኛው ሥር በደቃቅ ፊደል የምንዛሪ ተመንና በመቶኛ የተጻፈ ጭማሪ አለ፣ ሰልፍ ከኋላችሁ ሲኖር ማንም አያነበውም። የለመዱትን ገንዘብ ማየት ደስ ስለሚል ጣት ወደዚያው ይሄዳል። ባትነኩት ይሻላል። ተመኑን የሚያወጣው ባንካችሁ ሳይሆን የሻጩ ወገን ነው፣ ጭማሪውም የነሱ ገቢ ነው። የቅድሙ ዓይነት ባንክ ካላችሁ ደግሞ “ሻጩ ውጭ አገር ነው” ብሎ የራሱን ይጨምርበታል፣ ሁለት ጊዜ ተቆረጠባችሁ ማለት ነው። ሁልጊዜ ባላችሁበት አገር ገንዘብ ክፈሉ። ሁልጊዜ።

ኤቲኤም ላይ ነገሩ ትንሽ ይረቅቃል። ካርዱን አስገብታችሁ፣ ፒን መትታችሁ፣ የገንዘቡን መጠን ከመረጣችሁ በኋላ ማሽኑ ተመን ያሳይና “ምንዛሪውን ተቀበል” እና “ምንዛሪውን አትቀበል” ዓይነት ሁለት ቁልፍ ያወጣል። ሁለተኛውን መጫን ገንዘቡን ራሱን እንደመሰረዝ ስለሚመስል ሰው ይፈራል። አትፍሩ፣ ጫኑት። ገንዘቡ ይወጣል፣ ተመኑን የሚወስነው ግን በናንተ በኩል ያለው ባንክና ኔትወርክ ይሆናል። ቪዛና ማስተርካርድ የዕለቱን ተመን የሚያሰላ ገጽ ድረ ገጻቸው ላይ አላቸው፣ የቱ እንደሚያዋጣ መጠርጠር ከጀመራችሁ እዚያ አስተያዩ። በደንባቸውም ምርጫው የደንበኛው ነው፣ ሻጩ ሳይጠይቃችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ካስከፈላችሁ እዚያው ቆማችሁ ሰርዘው እንዲደግሙት ጠይቁ። ሱቁን ለቅቃችሁ ከወጣችሁ ወዲያ ጣጣው ይበዛል።

ኤቲኤም ካነሳን፣ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ አታውጡ። ባንኩ ይህን የሚቆጥረው እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ብድር ነው። የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ወለዱም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፣ ለግዢ የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ እዚህ የለም። ዴቢት ካርዱን ይዛችሁ የምትሄዱት ለዚህ ነው። ደመወዝ የሚገባበት ዋና ሒሳብ ላይ የተያያዘውን ግን ተዉት። ሌላ ሒሳብ ክፈቱና ለጉዞ የሚበቃውን ብቻ አስተላልፉበት፣ ካርዱ ቢኮረጅ እንኳ ሌቦች የሚያገኙት እሱን ብቻ ነው። የማሽኑ ባለቤትም ባንካችሁም በየማውጣቱ ሊቆርጡ ስለሚችሉ ትንሽ ትንሽ እየመላለሱ ከማውጣት አንዴ በርከት አድርጎ ማውጣት ያዋጣል።

ፒን ባለአራት አሃዝ ይሁን። ከዚያ የረዘመውን የማይቀበል ኤቲኤም ያጋጥማል። ደግሞ ፒኑን የምታስታውሱት ቁልፎቹ ላይ ባሉት ፊደላት በሚጻፍ ቃል ከሆነ በቁጥር ልመዱት፣ ፊደል የሌለበት የቁጥር ሰሌዳ ብዙ ነው። “ክሬዲት ካርዴን ኤቲኤም ላይ ካልተጠቀምኩ ፒኑ ምን ያደርግልኛል?” የሚል ይኖራል። ሰው የማይቆምባቸው የባቡር ቲኬት ማሽኖችና የነዳጅ ማደያዎች ፊርማ የሚቀበል ሰው ስለሌላቸው ፒን ይጠይቃሉ። አንዳንድ ባንክ የክሬዲት ካርድ ፒን የሚልከው በፖስታ ነው፣ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት አትጠይቁ።

ሆቴልና የመኪና ኪራይ ጋ የካርዱ ዓይነት በራሱ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱም ከሒሳቡ በላይ የሆነ መጠን በማስያዣ ይዘው ያቆያሉ። በክሬዲት ካርድ ሲሆን የሚያዘው ገና ያልነካችሁት የብድር ገደብ ነው። በዴቢት ሲሆን የሚታገደው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፣ ካስረከባችሁ በኋላም እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ብዙ የመኪና አከራዮች በአሽከርካሪው ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ካልሆነ ቁልፉን አይሰጡም፣ ቀድሞ የሚሞላውን ፕሪፔይድ ካርድ ደግሞ ጭራሽ አያዩትም። የባለቤታችሁ ካርድ ቢሆንም፣ መኪናውን በስማችሁ የያዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ አይሆንም። ስለዚህ ከሁለቱ ሰፋ ያለ ገደብ ያለውን ለማስያዣ መድቡትና ሌላውን ለዕለት ወጪ ተጠቀሙ። አንዳንድ ካርዶች ለኪራይ መኪና የጉዳት ሽፋን ይሰጣሉ፣ ግን ኪራዩ በሙሉ በዚያው ካርድ መከፈል አለበት፣ የአከራዩን ተመሳሳይ ሽፋንም አለመውሰድ ይጠበቅባችኋል፣ ከሽፋኑ ውጭ የሆኑ አገሮችና የመኪና ዓይነቶችም አሉ። የምትሄዱበት አገር መካተቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ የተነገረ ነገር ባንኮኒው ጋ አይሠራም።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚረሳው ስልኩን ነው። ኢንተርኔት ላይ የባቡር ቲኬት ልትገዙ ስትሉ ባንኩ በኤስኤምኤስ ኮድ ይልካል። ኮዱ የሚሄደው ወደ አገር ቤት ቁጥራችሁ ነው። እናንተ ግን ኤርፖርት እንደደረሳችሁ ያንን ሲም አውጥታችሁ የአገሩን ከትታችኋል። ካርዱ ደህና ነው፣ ገንዘብ አለ፣ ኮዱ ግን የትም የለም። ቅድም ቀድማችሁ ጨርሱ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ካርድ አሊፔይ ላይም ሆነ አፕል ፔይና ጎግል ፔይ ላይ ስታስገቡም ብዙውን ጊዜ ይኸው ኮድ ይመጣል። መፍትሔው ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ የአገር ቤቱን ቁጥር መልእክት እንዲቀበል ክፍት ማድረግ ነው፣ ፕላስቲክ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫነው ኢሲም ይህን ያቀልለዋል። ከዚያ የሚሻለው ማረጋገጫውን በባንኩ አፕ ውስጥ የሚያደርግ ካርድ መያዝ ነው፣ ዋይፋይ ካለ ይበቃዋል። ሁለት ካርዶች እኩል ከሆኑባችሁ በዚህ ለዩዋቸው፣ ነጥብ በኋላ።

ስልክ ላይ የገባ ካርድ ሌላም ጥቅም አለው። ፕላስቲኩን በማስጠጋት ብቻ ስትከፍሉ ከተወሰነ መጠን በላይ ፒን ይጠየቃል፣ በስልክ ሲሆን አሻራችሁ ወይም ፊታችሁ ይተካዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ከ2012፣ የምድር ባቡር ደግሞ ከ2014 ጀምሮ በእንደዚህ ዓይነት ካርድ ይከፈላል፣ በቀን ከተወሰነ ጣሪያ በላይም አይቆርጥም። ሲስተሙ ግን ስልኩንና ፕላስቲኩን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው፣ ካርዱ አንድ ቢሆንም። በስልክ ገብታችሁ በፕላስቲክ ከወጣችሁ ሁለት ያልተጠናቀቁ ጉዞዎች ይመዘገቡና በሁለቱም ላይ ከፍ ያለ ሒሳብ ይመጣል። በጀመራችሁበት ጨርሱ።

ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ቀሪ ነገር አጭር ነው። ካርዱ ጉዞው መሀል ጊዜው እንዳያልፍ እዩ። ለውጭ አገር ግብይት ዝግ ሆነው የሚመጡ ካርዶች ስላሉ አፑ ላይ ክፈቱት፣ ባንኩ የጉዞ ማሳወቂያ ከጠየቀም ስጡት። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ነፃ የስልክ መስመር ብዙ ጊዜ ከውጭ አይሠራም፣ ከሌላ አገር የሚደወልበትን ቁጥር ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ላይ ብቻ ካስቀመጣችሁት፣ ስልኩ ከካርዱ ጋር ሲጠፋ ጉድ ፈላ። አንዱን ካርድ ኪሳችሁ፣ ሌላውን ክፍላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ተለዋወጡ፣ ግን የአንድ ሒሳብ ተጨማሪ ካርድ መያዝ እንደ ሁለተኛ ካርድ አይቆጠርም፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላውም ሊዘጋ ይችላል።

ለምን ዋናው ክፍያ በክሬዲት ይሁን እንደምል አንድ ነገር ልጨምር። ጥበቃው ይሻላል። በአሜሪካ ሕግ ሌባ በክሬዲት ካርዳችሁ ላይ ለሠራው ባለቤቱ ከ50 ዶላር በላይ አይጠየቅም። በብሪታንያ ደግሞ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ፣ እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሳይቀርብ ቢቀር የካርዱ ባንክ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። የናንተ ካርድ የወጣበት አገር ምን እንደሚል አንብቡ፣ የሚሠራው እሱ ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ ካርዱን ለመዝጋት አትቸኩሉ። የማስያዣው መለቀቅ፣ የተመለሰ ዕቃ ገንዘብ፣ የኪራይ መኪናው የመንገድ ክፍያና የትራፊክ ቅጣት ሳምንታት ቆይተው ይመጣሉ። ተመላሽ ገንዘቡ የሚመነዘረው በተመለሰበት ቀን ተመን ስለሆነ ከከፈላችሁት በትንሹ ቢለይ ስህተት አይደለም። በሰፊው ከተለየ ግን ደረሰኙን ይዛችሁ ደውሉ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ገደብ አለው።