የሩቅ ሰርቨር ስታሳድጉ መጀመሪያ ቲመክስ ክፈቱ

ሰርቨራችሁ የሚሠራበትን ደቢያን 12 (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው) ወደ 13 ልታሳድጉ ያሰባችሁ ይቺን ያዙልኝ። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ መግቢያው መንገድ) እንደገባችሁ ወዲያው ቲመክስ ክፈቱና የማሳደጊያውን ትእዛዝ እዚያ ውስጥ አስጀምሩት። ቲመክስ ግንኙነት ቢቆረጥም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም ነው።

እኔ አንዴ ሳልከፍት ጀመርኩ። ድሬ፣ ከዚራ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ። ፓኬጆቹ ገና እየተጫኑ መብራት ድርግም አለ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፣ ዋይፋዩ ግን ጠፍቷል። ግንኙነቱ ሲቆረጥ ሥራውም መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ቲመክስ ቢኖር ኖሮ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥል ነበር፤ መብራት ሲመጣ «ቲመክስ አታች» ብሎ መመለስ ብቻ ነው።

ሌላው ኮንሶል ነው፤ ኤስኤስኤች እምቢ ቢል ወደ ሰርቨሩ የምትገቡበት ሌላ በር። ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ኮንሶል አስቀድማችሁ ከፍታችሁ ገብታችሁ ሞክሩት። ብዙ ሰው በኤስኤስኤች ቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ በሚያስገባ ፋይል) ብቻ ስለሚገባ ፓስወርዱን አያውቀውም፤ ኮንሶሉ ደግሞ ፓስወርድ ነው የሚጠይቀው። ባክአፕማ ሳይያዝ አይጀመርም።

በመሃል የኤስኤስኤች ማዋቀሪያ ፋይል ይቀየር ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ የራሳችሁን አቆዩ። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት፣ የተከፈተውን መስኮት ሳትዘጉ፣ በሌላ መስኮት ግቡ። ከገባላችሁ ሪስታርት አድርጉት።