«ብርዱ ነው» ወይስ ሆርሞኑ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር በብርድ ይሳበባል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ሐሰት አይደለም። ግን እማዬ ሁለት ጋቢ ደርባ ምድጃ ታቅፋ ስትንቀጠቀጥ፣ እኛ ልጆቿ በሹራብ ብቻ ወዲያ ወዲህ እያልን «ምን ይደረጋል፣ እድሜ ነው» ስንላት ሁለት ክረምት አለፈ።

ችግር፦ ከቤቱ ሰው ሁሉ ተለይቶ መብረድ፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ መርሳት

ምክንያት፦ አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ ሰንፋ ሊሆን ይችላል። በእድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። ክፋቱ፣ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም እርጅናን ይመስላሉ።

መፍትሄ፦ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አሠሩ። ታይሮይድ ስትሰንፍ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፒቱታሪ የሚባል እጢ «ሥሪ እንጂ!» እያለ ይጮህባታል፤ ቲኤስኤች ማለት ያ ጩኸት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይጨምራል። እርጅና ራሱም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ 70 ላለፈው ሰው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ሁሉ መድኃኒት አይጀመርም፣ ሐኪሙ ይወስን።

ችግር፦ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካው እንክብል) ተጀመረ፣ ለውጥ የለም

እማዬ እዚህ ላይ ነው ያስቸገረችን። ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርላት ሲል አንዲት ነርስ «በምንድን ነው የሚውጡት እማማ?» አለቻት። «በአቦል!» ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጣል፣ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ የብረትና የካልሲየም እንክብል ደግሞ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቅ። ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ታግሦ እንደገና መመርመር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ የቆረጠ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

እግረ መንገዴን፣ እንቅርት ላለባቸው፦ አዮዲን ያለው ጨው ለልጆች መከላከያ ነው እንጂ የቆየ እንቅርት አያጠፋም። እንቅርት ያለበት አዛውንት እየበላ ከከሳ ወይም ልቡ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ እጢው አብዝቶ እየሠራ ሊሆን ስለሚችል ያው ቲኤስኤች ይለካ፤ አሁን የሚጠበቀው ዝቅ ማለቱ ነው።

ችግር፦ በጥቅምት ውርጭ ጋቢ መወርወር

የሴቶች ነው። ውጭ ውርጭ፣ ደረትና ፊት ላይ የሸዋ ሮቢት ወበቅ! አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው እድሜ፣ የወር አበባ ሊቆም ሲል፣ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያ ይረበሻል። በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ መደራረብ፣ ማታ አረቄና በርበሬ የበዛበት ወጥ መቀነስ ይረዳል። ከባሰ የሆርሞን ሕክምና አለ፤ ለማን እንደሚስማማ ግን ሐኪም ነው የሚለየው። የወር አበባ ከቆመ ዓመት አልፎት ደም ከታየ ግን «ሆርሞን ነው» ተብሎ አይታለፍም፣ ቶሎ መታየት ነው።

ችግር፦ ሌሊት ሦስት አራቴ ለሽንት መነሣት

መጀመሪያ ስኳር። በእድሜ፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ኢንሱሊን ጉልበቱ ይደክማል። ሳይበሉ የተለካ ስኳር በሁለት ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው፣ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። ስኳር ከሌለ፣ ሌሊት ሽንት የሚቆጥበው ሆርሞን በእርጅና መቀነሱ ሊሆን ይችላል፤ ለወንዶች ከፊኛ ሥር ያለው የፕሮስቴት እጢ ማበጥም አለ። ከመኝታ በፊት ሻይና ጠላ ይቅር። ቀን ግን ውሃ አትከልክሏቸው፣ የአዛውንት ጥማት ስሜት ራሱ ደካማ ነው።

ችግር፦ ጋሼ «ወንድነቴ ደከመ» አሉ

የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን ከ30ዎቹ ወይም ከ40ዎቹ ጀምሮ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው፣ እንደ ሴቶቹ ድንገት አይቆምም። ድንገት ከደከመ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና አረቄውን ጠርጥሩ። ከገበያ የሚገዛውን «ኃይል ሰጪ» ዱቄት እዚያው ተዉት።