እንጆሪን በብስባሽም በዩሪያም ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሐረር ወይና ደጋ አየር ለእንጆሪ ይስማማል፤ ድሬዳዋ ግን ሙቀቱ ስለሚበረታ ከፊል ጥላ ያስፈልገዋል። ማዳበሪያ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች በሁለቱም ከተሞች ያው ናቸው።

ብስባሽንና ዩሪያን በኪሎ ማወዳደር፦ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ብስባሽ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ይይዛል፣ እሱንም ቀስ በቀስ ነው የሚለቀው። በአንጻሩ ዩሪያ ፖታሲየም የለውም፣ የአፈሩን ውኃ የመያዝ አቅምም አያሻሽልም። ስለዚህ መሠረቱ ብስባሽ ይሁን፦ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ፣ ከመትከልዎ 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ያደባልቁት።

ትኩስ ፍግ መጠቀም፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ትኩስ የዶሮ ኩስ ወይም የፍየል በጠጥ ሥር ያቃጥላል። ፍሬው ደግሞ አፈር ላይ ተኝቶ የሚያድግና ጥሬውን የሚበላ በመሆኑ በፍጉ ውስጥ ያለው ተህዋስ በቀጥታ ወደ ሰው ይደርሳል። ቢያንስ 3 ወይም 4 ወር እያገላበጡ ያብላሉት። ሐረር ላይ በየቦታው የሚጣለው የጫት ገራባም ተከትፎ ከበጠጥ ጋር ቢብላላ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል፤ ጫቱ ፀረ ተባይ የተረጨበት ከሆነ ግን ይተዉት።

ዩሪያን ከላይ በትኖ መተው፦ በሙቀትና በኖራማ አፈር ላይ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ለካሬ ሜትር 5 ግራም (አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል) ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር አርቀው አፈር ያልብሱትና ወዲያው ያጠጡ። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደግሙና አበባ ሲያብብ ይቀንሱ። ሲበዛ ተክሉ በቅጠልና በሐረግ ይወፍራል፣ ፍሬው ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይሻግታል።

አመድ መጨመር፦ እንጆሪ የሚወደው የአፈር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። አመድ ከዚያ በላይ ይገፋዋል፤ የድሬዳዋ ውኃ ደግሞ ራሱ ኖራ ይበዛበታል። ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ችግሩ የብረት እጥረት ነው። ይህን ዩሪያ አያድነውም፤ ለኖራማ አፈር የተዘጋጀ የብረት ማዳበሪያ ይፈልጋል።

የዶሮ ኩስና ዩሪያን በአንድ ጊዜ መስጠት፦ ጨው ያበዛል፣ እንጆሪ ደግሞ ጨው አይችልም። የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ሁለቱንም አቁመው ጨው በሌለው ውኃ አርክተው ያጠቡት፤ መደቡ ውኃ የማያቁር መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ብስባሹን ተክሉ ላይ መከመር፦ ቅጠሎቹ የሚወጡበት መሃል ከተቀበረ ይበሰብሳል። ዙሪያውን ብቻ ያልብሱት።