ጅማ ላይ ካሜራ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች ራቁ

ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞዴል ስም ነው። «ፋይቭ ዲ ይሻለኛል ወይስ ሚረርለስ?» ይላል። ፋይቭ ዲ ውስጡ መስታወት ያለው የካነን ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ነው፤ ሚረርለስ መስታወት የሌለው ዓይነት ነው። ምን ልታነሳበት ነው ሲሉት ደግሞ «ሁሉንም» ይላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚያነሳ፣ በምርቃት ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተመራቂ ሲያሯሩጥ የሚውል፣ ማታ ድንኳን ውስጥ ሰርግ የሚሠራ፣ ቦዬ ረግረግ ላይ አድብቶ ወፍ የሚጠብቅ፣ ለአራቱም የሚስማማቸው ዕቃ ይለያያል።

ብሩን ሁሉ ቦዲ ላይ መጨረስ

በብዛት የማየው ይሄንን ነው። ሰው ያለ የሌለ ብሩን ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻውን) ላይ ያፈስና አብሮ በመጣው ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ ይቀራል። ሌንሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቀን፣ ደጅ ላይ፣ ምንም አይወጣለትም። ጉዱ የሚታየው ሲመሽ ነው። ሰው ለማቅረብ 55 ላይ ስታደርሱት አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው፤ ከፍ ሲል ፎቶው ይሻክራል። እንግዲህ በኪት ሌንሱ አይኤስኦ 6400 የጠየቃችሁ ድንኳን በዚህኛው በ640 ገደማ ይነሳል። የሙሽራዋ ፊት አሸዋ የተነሰነሰበት መምሰሉ የሚቀረው በዚህ ነው። ያውም 50ው ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው።

ግን እሱንም ዝም ብላችሁ አትግዙት። በትንሿ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚቀይረው ክፍል) ላይ 50 ሚሊ ሜትር ጠባብ ይሆናል፤ ካነን ላይ፣ በትልቁ ሴንሰር የ80 ሌንስ ያህል ነው የሚያሳየው። ሳሎን ውስጥ ኒካህ ስታነሱ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም ሽማግሌዎቹ በሙሉ አይገቡላችሁም። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው 24 ወይም 35 ይሻለዋል።

«ፉል ፍሬም ካልሆነ ካሜራ አይባልም»

ይባላል እንጂ! የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የካነን ክሮፕ (ትንሿ ሴንሰር) ደግሞ 22.3 በ14.9። ትልቁ በጨለማ ይበልጣል፣ አልክድም። ነገር ግን ቦዬ ላይ ወፍ ለሚያነሳ ሰው ክሮፑ ነው የሚያዋጣው፤ 55-250 ሌንሱ እስከ 400 ያህል ያቀርብለታል። ሌላም ነገር አለ። ኢኤፍ-ኤስ የተጻፈበት፣ ለክሮፕ የተሠራ የካነን ሌንስ ፉል ፍሬም የሆነው ፋይቭ ዲ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ቦዲ ስትቀይሩ ሌንሱንም እንደገና ልትገዙ ነው።

ሜጋፒክስል መቁጠር

24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ፒክስል ነው። በጥሩ ጥራት ስታሳትሙት 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ይበቃል። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ተጨምቆ የሚቀር ከሆነማ ስለ 45 ሜጋፒክስል መጨቃጨቁ ለምን?

እርጥበቱን መርሳት

ስለ ካሜራ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ደረቅ አገር ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም፣ ጥቅምት ይዘልቃል። ሌንስ በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ ቁምሳጥን ውስጥ ክረምቱን ከከረመ ፈንገስ ይይዘዋል። መስተዋቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ታያላችሁ። ቶሎ ካልተደረሰበት የመስተዋቱን ሽፋን ይበላዋል፤ ያኔ ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃና ሲሊካ ጄል በቂ ነው። ሲሊካው እርጥበት ሲጠግብ ቀለሙን የሚቀይር ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ መቼ ማድረቅ ወይም መቀየር እንዳለባችሁ ያሳውቃችኋል። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት፣ ብናኙ ሌላ ጣጣ ነው። ሥራ ባይኖርም ሌንሱን በየጊዜው አውጡት፣ ብርሃንና አየር ያግኝ። «ዝናብ አይፈራም» ተብሎ የተሸጠላችሁ ቦዲም ላይ ውኃ የማይከላከል ሌንስ ከገጠማችሁ፣ ውኃው በሌንሱ በኩል ይገባል። ጥላ የሚይዝላችሁ ሰው ይዛችሁ ውጡ።

ያገለገለ ዕቃ ሳይፈትሹ መግዛት

«የዲያስፖራ ዕቃ ነው፣ አልተነካም።» ያልተነካ ካሜራ የበዛባት አገር ናት ብቻ! ሻጩን አትጨቅጭቁት፤ ካሜራውን ፈትሹ። የስልካችሁን መብራት በሌንሱ አንድ ጫፍ አብርታችሁ በሌላው ተመልከቱ፣ ፈንገስ ካለ ይታያል። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አጉሉት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሴንሰሩ ቆሽሿል። የሹተሩን (ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ቆጠራም ጠይቁ። የፋይቭ ዲ ማርክ 3 ሹተር የተሠራው ለ150,000 ፎቶ ነው። በአንድ ሰርግ 3000 የሚያነሳ ባለሙያ 50 ሰርግ ሲሠራ እዚያ ይደርሳል። ካለፈ ወዲያው ይሰበራል ማለት አይደለም፣ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። አዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ ይሄን ሁሉ እዚያው ጨርሱ። ለአንድ ብልሽት 350 ኪሎ ሜትር መመለስ አያዋጣም።

ባትሪና ሜሞሪን እንደ ትርፍ ማየት

ሚረርለሱ ካነን አርፒ በአንድ ባትሪ 250 ፎቶ ያህል ነው የሚያነሳው፤ ፋይቭ ዲ ማርክ 4 ወደ 900። ሚረርለስ ስትገዙ የሁለት ትርፍ ባትሪ ዋጋ አብራችሁ አስቡ፤ መብራት የሠርጉ ዋዜማ ላይ መሄድ ይወዳል። ሜሞሪውን ደግሞ ለሥራ ከማውጣታችሁ በፊት ቤት ሆናችሁ እስኪሞላ ቅዱበትና ፋይሎቹን ከፍታችሁ እዩ። 128 ጂቢ ተጽፎበት 16 ብቻ የሚይዝ አስመስሎ የተሠራ ካርድ ሞልቷል። ቪዲዮ ለምትሠሩ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ዲኤስኤልአሮች ቢበዛ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ መቅረጽ ያቆማሉ። ንግግር እየተደረገ እንዳያቆምባችሁ ሰዓት ያዙ።

የትኛው ሌንስ እንደሚያስፈልጋችሁ ግራ ከገባችሁ ለማንም አትደውሉ። በኪት ሌንሱ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ፤ እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። 18 አካባቢ ከበዛ ሰፊውን ግዙ፣ 55 ላይ ከበዛ ረጅሙን።