ከጦሳ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ

ልጆች ይዛችሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ልትውሉ ካሰባችሁ ስለ መውጣቱ ብዙ አትጨነቁ፤ ፈተናው መመለሱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን ስትወርዱ ፍሬን ላይ እግራችሁን ጭናችሁ አትውረዱ። ማርሹን ቀድማችሁ ወደ ሁለተኛ አውርዱት፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። አውቶማቲክ የምትነዱም ዲ ላይ አትተዉት፣ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አውርዱት። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ከዚያ ፔዳሉ ላላ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል፤ ያኔ ከኋላ ሲኖትራክ ከፊት ጥምዝ ሆኖ ምን ይውጣችኋል? የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ውሃ ግን አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በራሱ ይቀዝቅዝ።

ጉም ከወረደ ረጅም መብራት አታብሩ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚመጣው። አጭሩ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ሳይመሽ መነሳት ነው፤ እማማ በረካው ሳይጠጣ ንቅንቅ አልልም ካሉ (ወሎ ነው፣ ይላሉ) ቡናውን በጊዜ አስፈሉት።

የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ስልኩን ተቀበሉትና ራቅ አድርጎ መንገዱን እያየ ይሂድ። ፌስታልም አትርሱ።